ለልጃቸው ዋስ የሆኑ ንጉሥ

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን የኖረ ሰው የሰውን ቤት ደጃፉን ሳይረግጥ ውስጡን ያውቀዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ርስት ሲካፈሉ፣ ጐረምሳ ልጅ ጥፋት ሲያጠፋ፣ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከብዕራችን ጫፍ ይደርሳል። ታዲያ ክቡራን አንባብያን፣ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ከጻፍኋቸው ወረቀቶች መካከል ልቤን አብልጦ የሚነካው የዋስትና ወረቀት ነው። ዳኛው «ዋስ ጥራ» ባሉት ጊዜ ተከሳሹ ዐይኑን ወደ ተሰበሰበው ሰው ይጥላል። ወዳጁ ወደ መሬት ያቀረቅራል፤ የሥጋ ዘመዱ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ባልንጀራውም የሚከፍለው ገንዘብ እንደሌለው በዝግታ ለጐረቤቱ ይናገራል። ሳይጠራ የሚነሣ አንድ ሰው ግን አለ፤ እርሱም አባቱ ነው።

ጥቂት ዓመት አለፈው፤ ከአምባሰል ወገን ወደ ሐይቅ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ እንዲሁ ለልጃቸው ዋስ ሆኑ። በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ያነክሳል፤ በችሎት ፊት ሲቆሙ ግን እንደ ጥንታቸው ቀጥ ብለው ነው። በወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን አኖሩና ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። በቀጠሮው ቀን ልጁ ጠፋ። ሽማግሌው ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በበትር እየተደገፉ ወርደው፣ ከባለጉዳዮች ሁሉ አስቀድመው ከደጃችን ተገኙ። ዳኛው «ልጅዎ የታለ?» ብለው በጠየቋቸው ጊዜ፣ «የት እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ግን መጥቻለሁ» ብለው መለሱ። ይህንን ቃል በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ማታ በሐይቁ ዳር ብቻዬን ስመላለስ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ፣ ልቤ ወደ ሌላ አባት ሄደ፤ እርሱም ወታደር የነበረ፣ ልጁም በቀጠሮው ቀን ያልደረሰለት ነው።

ያ ሌላው አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። አንባቢ «ንጉሥንና የአምባሰልን ገበሬ ምን አገናኛቸው?» ይል ይሆናል። ያገናኛቸው ዋስትናው ነው፤ ደግሞም አገሩ። ከሐይቅ በስተሰሜን ያለው የአምባሰል ተራራ ጃንጥራር የሚባል የማዕርግ ስም ያላቸው ባላባቶች ከጥንት ጀምሮ ሲገዙት የኖሩት አምባ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ደግሞ ቦሩ ሜዳ አለ። በሐይቁ ውስጥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ አበምኔቶቹም ዐቃቤ ሰዓት እየተባሉ በነገሥታቱ ዘንድ የከበረ ስፍራ ነበራቸው። ስለ ገዳሙ መናገር ብጀምር ይህ ገጽ አይበቃኝም፤ የዛሬው ነገሬ ስለ አባትነት ነውና ወደዚያው ልመለስ።

ንጉሥ ሚካኤል በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም መሐመድ ዐሊ ነበረ። አባታቸው ኢማም ዐሊ አባ ቡላ፣ እናታቸው ወይዘሮ ጌቴ ይባላሉ። ወገናቸው ወረ ሂመኖን ይገዛ የነበረው የእስላም መኳንንት ቤት ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባት የሆኗቸውም ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። የወሎን ግዛት ይሻሟቸው የነበሩት አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኑላቸው። እንዲህ ሆኖ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ባላንጣዎች ሁለት አባት አገኙ።

ስለዚህ ነገር ሲጻፍ ደስታውን ብቻ ጽፎ ማለፍ እውነተኛ ጸሐፊ አያሰኝም። በዚያ ትእዛዝ ምክንያት ብዙ የወሎ ሰው ተጨንቋል፤ ከሃይማኖቴ አልወጣም ብሎ የተሰደደም፣ ሼህ ጠልሃን ተከትሎ ጦር ያነሣም አለ። ራስ ሚካኤልም የንጉሠ ነገሥታቸውን ትእዛዝ በገዛ ወገናቸው ላይ ከፈጸሙት አንዱ ነበሩ። ለእኔ እንደሚመስለኝ በኋላ በልጃቸው ላይ የመጣው ክስ ሥሩ የሚመዘዘው ከዚሁ ነው። የአያቱን ሃይማኖት ያስታወሰ የልጅ ልጅ በደለኛ ሲባል፣ አባቱ ለሁለቱም ወገን መልስ የሚሰጥ ሰው ሆኖ መካከል ላይ ቆመ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ከሞቱ በኋላ ራስ ሚካኤል ለምኒልክ ገቡ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን በአምባሰል ውስጥ ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛና በኢጣልያንኛ አንድ ሆኖ ስላልተጻፈ ምን እንዳስከተለ ለአንባብያን መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ነው። የእኔ ሥራ መጻፍ ስለ ሆነ ግን ይህን ውል ባሰብሁ ቁጥር እፈራለሁ፤ አንድ ግሥ ከሁለት ጸሐፊዎች እጅ ሁለት ዓይነት ሆኖ ቢወጣ ያን ያህል ደም ያስፈስሳልና።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ የውሉ ሒሳብ ተወራረደ። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ክተት ሲያውጁ ከጦሩ መሰብሰቢያዎች አንዱ ወሎ ውስጥ ወረ ኢሉ ነበረ። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ዘመቱ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ከራስ መኰንን ጋር ከተዋጉት መኳንንት አንዱ ናቸው። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ደግሞ የዳቦርሚዳ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ በገባ ጊዜ፣ የወሎ ፈረሰኛ ከአጠገቡ ደርሶ መውጫ አሳጣው፤ ጄኔራሉም ከዚያ አልወጣም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ዐድዋ የጻፉትን የፈረንጆችን መጽሐፍ ለማየት ዕድል አግኝቼ ነበረ። ያን ፈረሰኛ ያነሡት በአድናቆት ነው፤ ጠላት ሲያደንቅ ደግሞ ምስክርነቱ ይጠነክራል። ከዚህ ወዲያ አባ ሻንቆ ሚካኤል በሚለው የፈረስ ስማቸው የማያውቃቸው ወታደር አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታቸው እንግባ። የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢ የሚሻው ይህን ነውና።

ራስ ሚካኤል ደሴን መቀመጫቸው አድርገው አስፋፉት። በዚያ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ባላገር ሳይናናቅ እንዲበላበት የታሰበ ስለ ሆነ ስሙ ተስማሚ ነው፤ የኢማም ልጅ ሆነው የተወለዱ፣ የንጉሠ ነገሥት የክርስትና ልጅ ሆነው የጐለመሱ ሰው የሁለቱንም ወገን መሶብ ያውቃሉና። ስለ ትዳራቸው በተጠየቅሁ ጊዜ ግን ያልሆነውን ሆነ ብዬ አላስውብም፤ እንደ ዘመኑ መኳንንት ልማድ ጋብቻቸው አንድ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የመኳንንት ጋብቻ የእርቅና የውል ማኅተም ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን ለራስ ሚካኤል ሲድሩላቸው ሸዋና ወሎ በአንድ አልጋ ታሰሩ። ከዚህም ጋብቻ በ1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተወለዱ።

ራስ ሚካኤል በፊት ከወለዷቸው ልጆች አንዷ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። እርሳቸውን ለአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ዳሩ፤ በመጋቢት 1883 ዓ.ም. በአምባሰል ወይዘሮ መነን ተወለዱ። እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል፦ ወይዘሮ መነን ለራስ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው፤ ለልጅ ኢያሱ ደግሞ የእኅታቸው ልጅ ናቸው፤ ነገር ግን የእኅት ልጅ በዕድሜ ከአጎቷ ትበልጥ ነበረ። በአገራችን ትልልቅ ቤቶች ይህን የመሰለ ነገር እንግዳ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ለእኛ ለጸሐፊዎች ነው፤ የውርስ ክርክር በመጣ ጊዜ ማን ለማን ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ዐፄ ምኒልክ ወንድ ልጅ የሚያወርሱት ስላልነበራቸውና በሽታም ስለ ጸናባቸው፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። እንደዚህ ሆኖ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ጐረምሳ የታላቅ መንግሥት ሥራ በጫንቃው ላይ ወደቀ። አያቱ በአልጋ ላይ ናቸው፤ ሞግዚቱ ሞተዋል፤ መኳንንቱ ይጠባበቃሉ። የቀረው አባቱ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በታሪክ መጻሕፍት ብዙ አይደጋገምም፤ ልጅ ኢያሱ ለራሳቸው ዘውድ ሳይጭኑ አባታቸውን አነገሡ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በደሴ ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው ዘውድ ደፉ። አባት ለልጅ ያወርሳል እንጂ ልጅ አባቱን ሲሾም የታየው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ይህን የፖለቲካ ብልሃት ብቻ አድርጎ ይተረጕመዋል፤ ብልሃትም አለበት፤ የሰሜኑን አገር በታመነ እጅ ማስያዝ ነውና። እኔ ግን አንድ ጐረምሳ የሚያምነው ሰው አጥቶ ወደ አባቱ ዞሮ ሲመለከት ይታየኛል።

ልጅ ኢያሱ በአዲስ አበባ ብዙ አይቀመጡም ነበር። ወደ ሐረር፣ ወደ ኦጋዴን፣ ወደ አፋር አገር ይመላለሱ ነበር። በቈላው ካሉ የእስላም ባላባቶች ጋር መወዳጀታቸው፣ መስጊድ ማሠራታቸው፣ በታላቁም የአውሮፓ ጦርነት ጊዜ ልባቸው ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ማዘንበሉ ተደማምሮ ክስ ሆነባቸው። ዛሬ ያን ዘመን የሚመረምሩ ሰዎች ልጅ ኢያሱ የአገሩን ሕዝብ ሁሉ በእኩል ለመያዝ አስበው ነበር የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የመንግሥትን ሥራ ቸል ያሉ ጐረምሳ ነበሩ የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተከሳሽ ሁሉ ወይ ጻድቅ ወይ ኃጥእ ብቻ ሆኖ አይመጣም። ነገሩ ተጠናቆ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንት ልጅ ኢያሱን ሻሩ። የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አነገሡ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንንም ራስ ብለው አልጋ ወራሽ አደረጉ።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ዋሱ ደረሰ።

በቆሎ ተማሪነቴ የኦሪት ዘፍጥረት ሲነበብ መምህራችን ቆም ከሚያደርጉባቸው ስፍራዎች አንዱ ይሁዳ ስለ ወንድሙ ስለ ብንያም በአባቱ በያዕቆብ ፊት ዋስ የሆነበት ነው። ብንያም በግብጽ ሊያዝ ሲል ይሁዳ ገንዘብ አላቀረበም፤ እኔ በርሱ ፈንታ ባሪያ ልሁን ብሎ ራሱን አቀረበ። መምህራችን ይህን ከተረጐሙ በኋላ መጽሐፈ ምሳሌን አውጥተው ለሰው ዋስ የሚሆን ሰው እንደ ተጠመደ መሆኑን ደግሞ ያስነብቡን ነበር። «እንግዲህ የቱን እንያዝ?» ብለን ብንጠይቃቸው ስቀው «ሁለቱንም ያዙ» አሉን። በሕፃንነቴ አልገባኝም ነበር።

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ሆነው የልጃቸውን መሻር ሲሰሙ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። በወሎ መቀመጥ ይችሉ ነበር። አዲሱ መንግሥት ለማስታረቅ ምክንያት አያጣም ነበር፤ የአልጋ ወራሹ ሚስት የገዛ የልጅ ልጃቸው ናቸውና። ይህም እንዲህ ነው፤ ወይዘሮ መነን አስቀድሞ የራስ ልዑል ሰገድ ሚስት ነበሩ፤ በሐምሌ 1903 ዓ.ም. ግን ልጅ ኢያሱ ራሳቸው አስፈትተው ለደጃዝማች ተፈሪ ዳሯቸው። በሐምሌ 1908 ዓ.ም. ወይዘሮ መነን አስፋ ወሰንን ወልደው ነበር፤ ልጅ ኢያሱ በተሻሩ ጊዜ ሕፃኑ ሁለት ወር ተሻግሮት ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ሚካኤል ዝም ቢሉ የአልጋ ወራሽ ሚስት አያት፣ የወደፊቱ አልጋ ወራሽም ቅድመ አያት ሆነው በክብር ሊያረጁ ይቻላቸው ነበር። ከወሎ ቤት ደም ወደ ዙፋኑ የሚደርስ መንገድ በሴት ልጃቸው በኩል ተከፍቶ ነበርና።

እርሳቸው ግን ነጋሪት አስመቱ።

የንጉሡ መነሣት ለልጅ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ዘውዳቸው ከልጃቸው የመጣ ስለ ሆነ ልጁ ሲወድቅ ዘውዱም ይወድቃል። ዐፄ ምኒልክም ለልጅ ኢያሱ መኳንንቱን ያስማሉት መሐላ አለ፤ መሐላ አፍርሰው ተነሡብን የሚል ክርክር በእጃቸው ነበረ። አንድ ባልደረባዬ ይህን ጽሑፍ ሳነብለት «ሰውየው የተዋጉት ስለ ሥልጣን ነው፤ አባትነት የምትለው ማሳመሪያ ነው» አለኝ። እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያመዛዝነው ሒሳብ አለው፤ ልጁ በሩቅ ቈላ ሆኖ መድረሱ ሳይታወቅ፣ ባለጋራው በእጁ ዋና ከተማ ይዞ ሳለ፣ በስድሳ ዓመት ዕድሜ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚወርድ ሰው ሒሳብ ያደረገ አይመስልም። ባልደረባዬ አላመነልኝም። አንባቢ ይፍረድ።

ጥቅምት 9 ቀን 1909 ዓ.ም. በቶራ መስክ የንጉሥ ሚካኤል ጦር የሸዋን መከላከያ ጦር ደመሰሰ። በዚያ የወደቁት አዛዥ ራስ ልዑል ሰገድ ናቸው። አስቀድሜ ስማቸውን ጠቅሼ ነበር፤ የወይዘሮ መነን የቀድሞ ባል ናቸው። ንጉሡ የልጅ ልጃቸውን የቀድሞ ባል ገድለው፣ አሁን ባሏ ወደ ሆኑት ሰው ጦር እየገሠገሡ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሬሳ ሲለቀም የማን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም የቤት ነው።

በዚያ ድል ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል እንደ ነበር ብዙዎች ይናገራሉ። ነገር ግን የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከእርስዎ ጋር ነኝ የሚል መልእክት እየላኩ አዘናጓቸው፤ በዚያም መካከል የሸዋ ጦር ከየአገሩ ተሰበሰበ። ፊታውራሪው በዳኝነታቸውም በዘዴያቸውም ስመ ጥር ስለ ነበሩ ሰው እስከ ዛሬ ይህን እያነሣ ይስቃል። እኔ ግን ስለ ተታለሉት ሰው አስባለሁ። ባላጋራቸው የላከውን ወረቀት ለምን አመኑ? ልጃቸውን ይጠብቁ ነበርና መሰለኝ። ሰው በሚጠብቅበት ጊዜ፣ ቈይ የሚለውን ቃል ከማንም ይቀበላል።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ሁለቱ ጦር ገጠመ። ሰገሌ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሸኖ አቅራቢያ ነው። በአንድ ወገን ንጉሥ ሚካኤል፣ በሌላው ወገን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና የልጅ ልጃቸው ባል ራስ ተፈሪ ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት በዐድዋ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተሰለፈው ሸዋና ወሎ በዚያ ቀን ፊት ለፊት ተተኳኰሰ፤ ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ከዐድዋ ወዲህ በአገራችን ያን ያህል ከባድ ጦርነት አልተደረገም ነበር። በመጨረሻ የወሎ ጦር ተፈታ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ በቀጠሮው አልደረሱም፤ በአፋር በኩል ዞረው ሲመጡ የአባታቸው ነገር አልቆ ነበረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በአዲስ አበባ የድል በዓል ተደረገ። ሽማግሌው ንጉሥ በሰንሰለት ታስረው በንግሥት ዘውዲቱ ፊት አለፉ። ንግሥቲቱም ባዕድ አልነበሩም፤ የወይዘሮ ሸዋረጋ እኅት ናቸው፤ ለንጉሡ የሚስታቸው እኅት፣ ለልጅ ኢያሱ አክስት ማለት ነው። እንግዲህ አሳሪውም ታሳሪውም፣ ተመልካቹም የአንድ ቤት ሰው ነው። ዐይኔ ባያይም በሐሳቤ የማየው ያን ሽማግሌ ነው፤ ልጁ አመለጠ፤ ዋሱ ግን ቀርቧል።

ንጉሥ ሚካኤል ከዚያ ወዲያ ነጻነት አላዩም። ጳጉሜን 3 ቀን 1910 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ ዘመኑ ሊለወጥ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ልጅ ኢያሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ በመቅደላ ተከበው፣ ከዚያም አምልጠው በትግሬና በአፋር እየተንከራተቱ ነበሩ። በ1913 ዓ.ም. ተያዙ፤ በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር፣ በኋላም በሐረርጌ ታስረው ቈይተው በ1928 ዓ.ም. ሞቱ። ከሰገሌ ወዲህ አባትና ልጅ አልተያዩም።

በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ወይዘሮ መነን ማሰብ ይገባል። ሰገሌ በሆነ ጊዜ የ25 ዓመት ሴት ነበሩ። የእናታቸው አባት በሰንሰለት ያለው በባላቸው መንግሥት ነው፤ የሚሸሸው አጎታቸው እርሳቸውን ለባላቸው የዳረው ሰው ነው፤ በቶራ መስክ የወደቀው የቀድሞ ባላቸው ነው፤ በክንዳቸው ያለው የሦስት ወር ሕፃን ደግሞ የዚህ ሁሉ ደም ወራሽ ነው። ሚዜ የሌለበት ሰርግ፣ አስለቃሽ የሌለበት ልቅሶ ማለት ይህ ነው። ለማን ያልቅሱ? ለማንስ እልል ይበሉ? የመኳንንት ሴት ልጆች በጋብቻ ድልድይ ሆነው ሲዘረጉ ሁለቱ ዳር ሲጣላ የሚሰነጠቁት እነርሱ መሆናቸውን አባቶች ሁሉ ቢያስቡት መልካም ነበር።

ወይዘሮ መነን ግን አልተሰነጠቁም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ። በስማቸው የተጠራውን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በስደትም በእንግሊዝና በኢየሩሳሌም የመከራውን ዘመን አሳለፉ። ከባላቸው ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ከእነርሱም ሦስቱን በሕይወት ሳሉ ቀብረዋል። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ። ያ የሦስት ወር ሕፃን አስፋ ወሰን ደግሞ አድገው መርዕድ አዝማች ተብለው ወሎን እንዲገዙ ተሾሙ፤ መቀመጫቸውም ደሴ ሆነ። ቅድመ አያታቸው «አይጠየፍ»ን ባሠሩበት ከተማ፣ ቅድመ አያታቸውን በማረከው መንግሥት ስም ገዥ ሆነው ገቡ። የወሎ ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ምን ያህል ጊዜ ራሳቸውን እንደ ነቀነቁ መገመት አያስቸግርም።

ስለ አምባሰሉ ሽማግሌ ነገሬን ሳልጨርስ ነው ያለፍሁት። ዳኛው ነገራቸውን ከሰሙ በኋላ በዋስትናው መሠረት ገንዘቡን እንዲከፍሉ ፈረዱ፤ ሕጉ እንዲህ ነውና ሌላ ሊያደርጉ አይችሉም ነበር። ሽማግሌው እጅ ነሥተው ወጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ በሬ ሸጠው ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡ፤ የቀረውን በመከር ለመክፈል ጊዜ ለመኑ። ደረሰኙን ጽፌ ስሰጣቸው፣ ከሥራዬ ውጭ መሆኑን እያወቅሁ፣ «አባቴ፣ ልጅዎ እንደሚጠፋ አልጠረጠሩም ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጠርጥሬ ነበር እንጂ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዋስ ሆኑ?»

ደረሰኙን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ በበትራቸው ተደግፈው እየተነሡ «ማንን ይጥራ ታዲያ፣ ልጄ?» አሉኝና ወጡ።